ያልተፈረመበት ሰዓት



እናቴን ከቤቴ አውጥቼ ባዳ ቤት አስገብቻለሁ። ነገሩን አለሳልሼ ብጀምረው ደስ ባለኝ፤ ወሬው ግን ከእኔ ቀድሞ ደሴ ገብቷል። «እናቷን ለፈረንጅ አስረከበች» ተብሏል። እንግዲያው ከወሬው በኋላ ያለውን እኔው ልንገራችሁ። ራሴን ለመከላከል ብቻ አይደለም የምጽፈው፤ እሱም ትንሽ ሳይኖርበት አይቀርም። አንድ ቤት አቅመ ደካማን ሰው በደህና ይይዝ አይይዝ እንደሆነ በምን ይታወቃል የሚለውን ጥያቄ ከውስጥም ከውጭም ሆኜ አይቼዋለሁና፣ ዛሬ ወይም ነገ እንደ እኔ የሚጨንቃቸው ቤተሰቦች ይኖራሉ ብዬ ነው።

የምኖረው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት፣ ከሲያትል ከተማ በስተደቡብ ነው። ፕሬዝዳንቱ ካለበት ዋሽንግተን ጋር አይምታታባችሁ፤ የእኛዋ በምዕራቡ ጫፍ ያለችው ዝናባማዋ ናት። በዚህ ግዛት «አደልት ፋሚሊ ሆም» የሚሉት ነገር አለ። ሆስፒታል አይደለም፣ ትልቅ የአረጋውያን ተቋምም አይደለም። ተራ የመኖሪያ ቤት ነው፤ ሳሎን፣ ወጥ ቤትና ጓሮ ያለው። ባለፈቃዱ ራሳቸውን የማይችሉ እስከ 6 ሰዎች፣ ከእ.ኤ.አ. 2020 ወዲህ ደግሞ ተጨማሪ ፈቃድ ካገኘ እስከ 8 ሰዎች ተቀብሎ ያኖራል፤ ያበላል፣ ያጥባል፣ መድኃኒት ይሰጣል። በግዛቲቱ ከ4,000 በላይ እንዲህ ያሉ ቤቶች አሉ። ብዙዎቹን የሚያንቀሳቅሱት ስደተኞች ናቸው፤ ፊሊፒኖች፣ ሩማንያውያን፣ ኬንያውያን፣ እኛም አለንበት። እዚህ የሐበሻ ሠርግ ላይ በተቀመጣችሁበት ጠረጴዛ ዙሪያ ብትጠይቁ፣ አንድ ሁለቱ በዚህ ሥራ ያለፉ ሆነው ታገኛላችሁ።

እኔም አልፌበታለሁ። እናቴን ከማስገባቴ ከብዙ ዓመት በፊት እንዲህ ባለ ቤት የሌሊት ተንከባካቢ ነበርኩ። ነገሬን ሁሉ ያከበደው ይኸው ነው፤ ሌላው ሰው የማያየውን አውቃለሁ።

እናቴ ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረች ቆይታለች። ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ መታትና ግራ ጎኗ ሰነፈ። ንግግሯን አላህ አተረፈላት። ከዚያ መርሳቱ ተከተለ። ዙሁርን ሰግዳ ስታበቃ አልሰገድኩም ብላ ትነሣለች፤ አንዳንድ ቀን አራት ጊዜ ትሰግዳለች። ይህንንስ ማን ይከፋበታል? የከፋው ሌሊቱ ነው። «ሸዋ በር ልሄድ ነው፣ መሸብኝ» እያለች በማይታዘዛት እግር ከአልጋ ትወርዳለች። ሁለት ጊዜ ወደቀች። እኔ ሆስፒታል ሌሊት እሠራለሁ፤ ልጆቼ ትምህርት ቤት ናቸው፤ ወንድሜ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚታየው። ሦስተኛ ጊዜ የወደቀች ዕለት ዳሌዋ ተረፈ እንጂ ግንባሯ ተከፈተ። ያገኘኋት ከሥራ ስመለስ፣ ጠዋት ነው።

ሐሳቡን ለወንድሜ ስነግረው ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ። «እትዬ፣ አላህ በሱረቱል ኢስራእ ስለ ወላጆች እርጅና ሲያዝ ‹አንተ ዘንድ› አለ እንጂ ሌላ ሰው ዘንድ አላለም» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እሱም እኮ የተናገረው ከፍቅር ነው፤ ግን ፍቅሩ በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣ ፍቅር መሆኑን ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

መስጊዳችን ውስጥ ሁላችን የምናከብራቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። ሁለታችንም ሄደን ጠየቅናቸው። «እኔ ፈትዋ ሰጪ አይደለሁም፣ ለእሱ ዐሊሞቹን ጠይቁ» አሉና ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ወንድሜን አዩት። «ሌሊት ስትነሣ ማን ይይዛታል?» አሉት። ወንድሜ አቀረቀረ። ወደ እኔ ዞሩና «አንቺ ደግሞ ካስገባሻት በኋላ በየስንት ቀኑ ነው የምትሄጂው?» አሉኝ። እኔም አቀረቀርኩ። ሌላ ቃል አልጨመሩልንም።

አሁን ወደማይነገረው ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2014 የምሠራበት ቤት ውስጥ አንዲት አሮጊት ነበሩ። መናገር አይችሉም፣ መገላበጥም አይችሉም። እንዲህ ያለ ሰው በአንድ ጎኑ ከቆየ ሥጋው በራሱ ክብደት ተጭኖ ደም ያጣል፤ መቀመጫው፣ ተረከዙ፣ ዳሌው ይቆስላል። የመኝታ ቁስል ይባላል። አንዴ ከተከፈተ አጥንት ድረስ ሊሄድ ይችላል። ለዚህ ነው በተለምዶ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ የሚታዘዘው። ግድግዳው ላይ ወረቀት አለ፤ በአገራችን አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ 6 ሰዓት፣ 8 ሰዓት፣ 10 ሰዓት፣ 12 ሰዓት። ገልብጠሽ ትፈርሚያለሽ።

ያን ጊዜ ቀን ሌላ ሥራ ነበረኝ። አንድ ሌሊት 4 ሰዓት ላይ ገለበጥኳቸውና ሶፋው ላይ ጎኔን ላሳርፍ አልኩ። ስነቃ 12 ሰዓት ሊሞላ 10 ደቂቃ ቀርቶታል። እስክሪብቶ አነሣሁና የ6ቱን፣ የ8ቱን፣ የ10ሩን፣ የ12ቱን በአንድ ቀለም፣ በአንድ እጅ፣ ቀጥ አድርጌ ፈረምኩ። ባለቤትየዋ ጠዋት መጥታ ወረቀቱን አየችና «ጎበዝ» አለችኝ። ወላሂ፣ የዚያን ዕለት ሱብሂን ስሰግድ ፊቴን መሬት ላይ ማኖር ከበደኝ። ከዚያ በኋላ ግን፣ መጀመሪያዋ ከበደች እንጂ ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ አልከበዱም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የአሮጊቷ ጀርባ ከታች ቀላ። በጣት ሲጫኑት መንጣት ነበረበት፤ አልነጣም። ያ ማለት ቁስሉ ከውስጥ ጀምሯል ማለት ነው። ሁለት ወር ያህል ታከሙለት። የሞቱት በሌላ በሽታ ነው፣ ሐኪሙም ያለው ይህንኑ ነው። እኔ ግን ያንን ቁስል አውቀዋለሁ። ሴት ልጃቸው ከቀብር በኋላ ወደ ቤቱ መጥታ «እናቴን ስለተንከባከብሽልኝ» ብላ አንድ የሐር ሻርፕ ሰጠችኝ። አላሰርኩትም። ልጅቱን ፈልጌ አፉ በይኝ ለማለትም እስከ ዛሬ ድረስ አልደፈርኩም።

እንግዲህ እናቴን የሚይዝ ቤት ስፈልግ በእጄ ያለው መመዘኛ ይህ ነበር። ሌላው ሰው ሳሎኑን ያያል፤ እኔ ሶፋውን ነው የማየው።

በረዳት ነርስነት ትምህርት ላይ አንድ የማልረሳው ነገር ተምሬያለሁ። እ.ኤ.አ. በ1919 ቤይሩት የተወለደ፣ ኋላ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ፣ አቬዲስ ዶናቤዲያን የሚባል አርመናዊ ሐኪም በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ የሕክምና ጥራት ከሦስት ወገን እንደሚታይ አስረድቷል፤ ያለው ነገር፣ የሚሠራው ሥራ፣ የሚገኘው ውጤት። መምህሯ ይህን ስታብራራ እኔ የማስበው እናቴን ነበር። ደሴ ላይ ሠርግ ቤት ስትጠራ መጀመሪያ ድስቱንና ማገዶውን ታያለች፤ ቀጥላ የወጥ ሠሪዎቹን እጅ፤ በመጨረሻ በልቶ የሚወጣውን ሰው ፊት። ድስቱ ትልቅ ስለሆነ ብቻ ድግሱን አታመሰግንም።

የመንግሥት ቁጥጥር በአብዛኛው ድስቱን ይነግራችኋል። አልናቅሁትም። ፈቃዱን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪዎች ሳያስታውቁ ይመጣሉ፤ ያገኙትን ጉድለት ይጽፋሉ፤ ጽሑፉ ለማንም ክፍት ነውና ከመሄዳችሁ በፊት አንብቡት። ሕዝቡ እ.ኤ.አ. በ2011 በድምፁ ባጸደቀው ሕግ አዲስ ተንከባካቢ በአብዛኛው የ75 ሰዓት ሥልጠና ይወስዳል፤ ወስዷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ቅሬታ ቢኖር በየግዛቱ ለእንዲህ ያሉ ቤቶች ነዋሪዎች የቆመ እንባ ጠባቂ አለ፤ ስልኩ ግድግዳው ላይ መለጠፍ አለበት። ይህ ሁሉ ደህና ነው። ነገር ግን በተቆጣጣሪ ሁለት ጉብኝት መካከል ከአንድ ዓመት በላይ ሊያልፍ ይችላል። በመካከሉ ስንት ሌሊት አለ?

ያየናቸውን ቤቶች ሁሉ አልዘረዝርም። ሁለቱን ከበሩ ነው የተመለስነው፤ አንዱ ጋ ሽንት ሽንት ይላል፣ ሌላው ጋ ደግሞ ሽቶው ከሽንቱ ባሰ። ሦስተኛው ቆንጆ ነበር። ነጭ ግድግዳ፣ አዲስ አልጋ፣ በሳሎኑ አበባ። ባለቤቱ ጨዋ ሰው ነው። የሌሊቱን ወረቀት አሳዩኝ አልኩ፤ የነዋሪዎቹን ስም ሸፍኖ ሳያመነታ አመጣልኝ። የአንድ ወር ወረቀት ነው። አንድም ክፍት ቦታ የለም። 30 ሌሊት፣ በየሌሊቱ አምስት ፊርማ፣ ሁሉም ልክ በሰዓቱ። ወንድሜ «ማሻአላህ፣ እንዲህ ነው ሥራ!» አለ። እኔ ቀለሙን አየሁ። ከላይ እስከ ታች አንድ ቀለም፣ አንድ ዝንባሌ። የራሴን እጅ ያየሁ መሰለኝና ሆዴ ተላወሰ። ተሳስቼም ሊሆን ይችላል፤ አላህ ነው የሚያውቀው። ግን እናቴን እዚያ ማስተኛት አልቻልኩም።

ቀጥሎ ያየነው የአገራችን ሰዎች የሚያስተዳድሩትን ነው። ወንድሜ በዚህ ደስ ብሎት ነበር። እውነቱን ለመናገር ተቀብለው ያስተናገዱን እንደ ቤተሰብ ነው፤ ቡና ተፈላ፣ እናቴን «እማማ» ብለው ጉልበቷን ሳሙ። ነገር ግን ከጠዋቱ 5 ሰዓት ነው፤ አራቱም ነዋሪዎች ተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ጭልጥ ብለው ተኝተዋል። ቴሌቪዥኑ ይጮኻል። ጠዋት፣ ከቁርስ በኋላ፣ አራት ሰው በአንድ ጊዜ? የሚያስተኛ መድኃኒት ይሰጣሉ ወይ ስል «ሐኪም ያዘዘው ነው፣ አለዚያ ይረብሻሉ» አሉኝ። እህቶቼ፣ ይህችን ነገር በደንብ ያዙልኝ። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡ አንዳንድ ኃይለኛ መድኃኒቶች የመርሳት በሽታ ባለባቸው አረጋውያን ላይ የሞት አደጋን ከፍ እንደሚያደርጉ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2005 ብርቱ ማስጠንቀቂያ አውጥቶባቸዋል። ሐኪም አስቦበት የሚያዝበት ጊዜ አለ። ቤቱ ጸጥ እንዲል ተብሎ ከተሰጠ ግን ሰውን በገመድ ከማሰር ብዙም አይለይም። በአማርኛ መናገራቸውና ሐላል ማብሰላቸው አሳስቶን ነበር፤ ቋንቋው የእኛ ሆነ ማለት ልቡም የእኛ ሆነ ማለት አይደለም። ወንድሜ በመንገድ ሁሉ አኮረፈኝ።

የመጨረሻውን ቤት ያገኘነው በአንዲት ነርስ ጥቆማ ነው። ባለቤቷ ፊሊፒናዊት ክርስቲያን ናት። ቤቱ አሮጌ ነው፣ ምንጣፉ ጥግ ጥጉ ነጭቷል፣ ሳሎኑ ውስጥ የሾርባ ሽታ አለ። ወንድሜ ከበሩ ላይ «ይኸ ነው?» አለኝ በዐይኑ።

እኔ ግን የመጣሁት የማይናገረውን ሰው ለማየት ነው። በየቤቱ መናገር የሚችል ሰው አለ፤ እንግዳ ሲመጣ እሱን ነው የሚያስቀድሙት። እሱ ሲጠማው ይጮኻል፣ ሲርበው ይጠይቃል። የቤቱ ምስክር ያ አይደለም። የማይናገረው ሰው ከንፈሩ ደርቋል ወይ? ጥፍሩ ተቆርጧል? ዐይኑ ታጥቧል? ብርጭቆው የተቀመጠው በሚሠራው እጁ በኩል ነው ወይስ በሰነፈው? ይህች የብርጭቆ ነገር ትንሽ ትመስላለች። ሰው ሲያረጅ የጥማት ስሜቱ ይቀንሳል፤ ቢጠማው እንኳ ውሃው በሽባው ጎን ከተቀመጠ የለም ማለት ነው። በዚህ ቤት ጥግ ላይ አንድ የማይናገሩ ሽማግሌ ነበሩ። ብርጭቆው በደህናው እጃቸው በኩል ነው፤ ጠጡ ጠጡ ባይባሉም እንኳ ጣታቸው ይደርስበታል።

የቁስሉን ነገር ስጠይቅ ባለቤቷ «የእናትሽ ቆዳ ጠይም ነውና መቅላቱን በዐይን አናገኘውም፤ በእጅ ነው የምንዳስሰው፣ የሞቀ ወይም የጠነከረ ቦታ እንዳለ» አለችኝ። ይህ እውነት ነው፤ በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላትና መንጣት በቀላሉ አይለይም። ይህን የነገረችኝ ሳልጠይቃት ነው። ከዚያ ወረቀቱን አሳዪኝ አልኳት።

ወረቀቱ ቆሻሻ ነው። የቡና ጠብታ አለበት። ሦስት ዓይነት እጅ፣ ሰማያዊም ጥቁርም ቀለም። በአንዱ ሌሊት የ8 ሰዓቱ ቦታ ባዶ ነው፤ ከጎኑ በእንግሊዝኛ «አልተገለበጡም፤ በሌላ ክፍል ሰው ወድቆ ነበር፤ በ9 ሰዓት ተገለበጡ» የሚል ተጽፎበታል። ሌላ ሌሊት ደግሞ «ረሳሁ» ይላል፤ «ረሳሁ» ብቻ፣ ከሥሩ ስም። ባለቤቷን አየኋት። «ይህን የጻፈችው ልጅ አሁን የት ናት?» አልኩ። «ወጥ ቤት ናት፣ አምስት ዓመቷ ነው እዚህ» አለችኝ። «አልተቆጣሻትም?» «መርሳቷን ተቆጥቻታለሁ። መጻፏን ግን ብቆጣት ኖሮ ነገ ምን ትጽፍልኛለች?»

ደርቄ ቀረሁ። እኔ እ.ኤ.አ. በ2014 እንዲህ ያለች ባለቤት ብትኖረኝ ብዬ አሰብኩ፤ ወዲያው ደግሞ ጥፋቴን ወደ ሰው እያሸሸሁ መሆኔ ገባኝ። እጄ የእኔ ነበር።

የታሪክ መጽሐፍ ለምትወዱ አንድ ነገር ልጨምር። ከአንዳሉስ የተነሣው ተጓዥ ኢብን ጁበይር እ.ኤ.አ. በ1184 ደማስቆን ባየ ጊዜ ስለ ከተማዋ ቢማሪስታን፣ ማለትም ሆስፒታል፣ ጽፎ ነበር። ኃላፊዎቹ የሕሙማኑን ስም፣ ለምግባቸውና ለመድኃኒታቸው የሚያስፈልገውን የያዘ መዝገብ እንደነበራቸው፣ ሐኪሞቹም ማለዳ ማለዳ እየመጡ ሕሙማኑን እንደሚያዩ ይነግረናል። መዝገብ እንግዲህ የፈረንጅ ፈሊጥ ብቻ አይደለም። በዚያ መዝገብ ውስጥ «ረሳሁ» የሚል ይኖር ይሆን እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ።

እኛ ይህን ስናወራ እናቴ ሳሎን ተቀምጣለች። መርሳት ቢኖርባትም ጉዳዩ የእሷ ነውና መጠየቅ ነበረባት። መኪና ውስጥ «እማ፣ ቤቱ እንዴት ነው?» አልኳት። ረዥም ጊዜ ዝም አለችና «ልጅቱ ውሃ ሰጠችኝ» አለች። «እሺ፣ ከዚያስ?» «ሰጥታኝ አልሄደችም። ጠጥቼ እስክጨርስ ቁጭ አለች።» ሌላ ምንም አላለችም። ወንድሜ መሪውን ይዞ ቀጥ ብሎ ወደፊት ያያል። ያንን ውሃ እኛ ሁለታችንም ቸኩለን ምን ያህል ጊዜ አስቀምጠንላት እንደሄድን እያሰበ ይመስለኛል፤ እኔ ያን ነበር የማስበው።

ሕጉ ነዋሪው በገባ በ30 ቀን ውስጥ ስለ አያያዙ በጽሑፍ ስምምነት እንዲደረግ ያዛል። ቤተሰቦች ይህችን ወረቀት እንደ ቀልድ አትፈርሟት። እኛ ሥጋው ሐላል እንዲሆንና እኛ ገዝተን እንድናመጣ፣ የሚያጥባት ሴት ብቻ እንድትሆን፣ ሻሿ ሐኪም ፊትም ቢሆን ሳትጠየቅ እንዳይወልቅ፣ ሶላቷን ደጋግማ ብትሰግድ ማንም እንዳያስቆማት አስጻፍን። «ውሃ»፣ «ያመኛል»፣ «ሽንት ቤት»፣ «በረደኝ» የሚሉትን ቃላት እነሱ በሚያነቡት ፊደል ጽፌ ከአልጋዋ በላይ ለጠፍኩ። ከሲያትል ቂብላ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው፤ ተንከባካቢዋ ግድግዳው ላይ በአረንጓዴ ፕላስተር ምልክት አደረገችላት።

ሁሉም ነገር አማረ አልላችሁም። በመጀመሪያው ወር 58 ኪሎ የነበረችው እናቴ 55 ሆነች። በአንድ ወር ከክብደት 5 በመቶ መቀነስ በአረጋዊ ሰው ላይ ቀላል ነገር አይደለም፤ አደጋ ነው ብለን ነው የተማርነው። የደወሉልኝ እነሱ ናቸው፤ ሚዛኑን ባይዙ ኖሮ እኔ በዐይኔ አላየውም ነበር። ምክንያቱ በሽታ አልነበረም፤ ምግባቸው አልጣማትም። ገንፎና አጥሚት ማመላለስ ጀመርኩ፣ ባለቤቷም ተማረችው፤ ገንፎዋ እስከ ዛሬ ድረስ ይጓጉላል፣ እናቴ ግን ትበላዋለች። ሌላ ቀን ደግሞ ከአሳማ የተሠራ ጄላቲን ያለበት ጣፋጭ ሳያውቁ ሰጥተዋት ኖሮ፣ ማታውኑ ደውለው ነገሩኝ። ተናደድኩ፤ ወንድሜ ደግሞ «አላልኩሽም?» አለ። ግን ባይነግሩን ኖሮ በምን እናውቅ ነበር?

ሽማግሌው «በየስንት ቀኑ?» ያሉኝ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ሰዓቴን እያለዋወጥኩ እሄዳለሁ፤ አንዳንዴ በምሳ፣ አንዳንዴ በመግሪብ። ከሥራ ቀድሜ ስወጣ በሌሊት እንደምመጣም ከመጀመሪያው ተነጋግረናል። ወንድሜም ከጉዞ ሲመለስ ቤቱ ሳይገባ በዚያ ያልፋል። ለእኔ አይነግረኝም፤ የማውቀው እናቴ ትራስ ሥር ከሚያስቀምጥላት ቴምር ነው።

ባለፈው ወር አንድ ሌሊት ከሆስፒታል በ7 ሰዓት ተኩል ወጣሁና ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ ያችው «ረሳሁ» ብላ የጻፈችው ልጅ ናት። ዐይኗ ቀልቷል። እናቴ በግራ ጎኗ፣ ጀርባዋ ላይ ትራስ ተደግፎላት ተኝታለች። ሳላስበው ዐይኔ ወደ ግድግዳው ሄደ። የ4ቱ ተፈርሟል፣ የ6ቱ ተፈርሟል፣ የ8ቱ ባዶ ነው። ሰዓቴን አየሁ፤ 8 ከ10 ደቂቃ ሆኗል። ልጅቱ ያየሁትን አየች። «ገና ነው፤ ሽማግሌውን እያጠብኩ ነበር» አለችኝ፤ ድምፅዋ ውስጥ ድንጋጤ የለም።

አብረን ገለበጥናት። እኔ ትከሻዋን፣ እሷ ዳሌዋን። ልጅቱ እጇን ከእናቴ ጀርባ በታች አስገብታ ቀስ ብላ ዳሰሰች፤ ሙቀት እንዳለ፣ ጥንካሬ እንዳለ። «ደህና ናት» አለች። እናቴ ዐይኗን በግማሽ ገልጣ «ማነው?» አለች። «እኔ ነኝ እማ።» «ሱብሂ ደረሰ?» «አልደረሰም፣ ተኚ።» አንድ ነገር እያጉተመተመች ዱዓ አደረገችልን፤ ለሁለታችንም ነው፣ ልጅቱንም እጇን ይዛታለችና።

ልጅቱ ወረቀቱ ላይ ስሟን ጻፈችና እስክሪብቶውን አቀበለችኝ። «ሁለት ሆነን ነው የገለበጥናት፤ አንቺም ጻፊ» አለች። እስክሪብቶውን ይዤ ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ ስሜን ጻፍኩ። ሰዓቱ 8 ከ12 ይላል። 8 ከ12 ብዬ ጻፍኩ።